ከታች የሚቆም ሰው

የመኝታ ቤቱ ተንሸራታች በር እምቢ ካለ አራት ቀኑ ነው። ኪኑዬ መጀመሪያ በአንድ እጇ፣ ቀጥሎ በሁለት እጇ ገፋችው። በመጨረሻ በትከሻዋ ታግላ ሁለት ስንዝር ያህል ከፈተችና በዚያችው ክፍተት በጎን እየሾለከች ትገባ ትወጣ ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። በሚዙናሺ መንደር በር ጠበቀ ማለት ጣሪያ ከበደው ማለት ነው። ከወገብ በላይ የተከመረው በረዶ ቤቱን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጉበኑ ወርዶ የበሩን አናት ይነክሳል። እንዲህ ከሰነበተ ምሰሶ ይሰነጥቃል።

ልጇ ሹንጂ እሁድ እሁድ ከሴንዳይ ከተማ ይደውላል። ባለፈው እሁድ ስለ ጣሪያው ሲጠይቃት ደህና ነው አለችው። እሱ ዘንድ እንድትኖር ክፍል አዘጋጅቶላት ከጨረሰ ዓመት አልፎታል፤ መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ፎቁ ሥር ፋርማሲ አለ። አንድ ጊዜ አቃተኝ ካለችው በማግስቱ መኪና ይዞ ይመጣል። ስትሄድ ደግሞ ለበረዶው ወራት ብቻ እንደማይሆን ታውቃለች። ሰው ያልከረመበት ቤት ምን እንደሚሆን በመንደሩ ካሉት ስድስት ባዶ ቤቶች አይታለች። ከከተማ የሚላኩት ጣሪያ ጠራጊዎች ብዙ ቤት አለባቸው፤ የእሷ ተራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የሟች ባሏን የቶኩጂን የጎማ ቦት በሁለት ካልሲ አጥብቃ ተጫማችና መሰላሉን አወጣች።

የጣሪያ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ ብቻውን የሚወጣ የለም። አንዱ ላይ ሆኖ ሲጠርግ ሌላው ከታች፣ በረዶው ከሚወድቅበት ራቅ ብሎ ይቆማል። የሚቆመው ሰው ሥራ መጣራት ነው። በረዶ ሰው ሲውጥ ድምፅ የለውም፤ የተጠራው ሰው ዝም ካለ ግን ይታወቃል። ኪኑዬ አርባ አንድ ዓመት ከታች የቆመችው እሷ ነበረች። በምታስተምርበት ዘመን እንኳ ለጣሪያ ቀን ፈቃድ ትወስድ ነበር። «ቶኩጂ» ትላለች፤ «አለሁ» ይላል ከላይ። ከዚህ ሌላ ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን ነበር። ቶኩጂ የሞተው ግን ከጣሪያ ወድቆ ሳይሆን ሆስፒታል ተኝቶ ነው፣ አምና በሩዝ አጨዳ ወቅት።

ሦስተኛው እርከን ላይ ሳለች ከኋላዋ ተጠራች።

«መምህርት፣ ወዴት ነው?»

ጎረቤቷ ጌንሳኩ ነበሩ፣ አካፋ ተመርኩዘው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። እናቴ መሰላል ላይ ከወጣች ይደውሉልኝ ብሎ ሹንጂ ስልክ ቁጥሩን የሰጠው ለእሳቸው ነው።

«የትም አልሄድ፣ ጋሼ ጌንሳኩ። ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ ላድርገው ብዬ ነው።»

«የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ጠርዝ ነካ ነካ ስታደርግ ነው ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የምትገኘው።»

«ለሹንጂ ሊደውሉ ነው?»

ሽማግሌው ጣሪያውን ብዙ አዩት። ስልካቸው ያለው ቤታቸው እንደሆነ፣ ደርሰው እስኪመለሱ ደግሞ እሷ ወይ ጨርሳ ወይ ወድቃ እንደምትጠብቃቸው አጉረመረሙ። ከዚያ በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ በረዶው የማይደርስበት ቦታ ሄደው ቆሙ።

«በሉ ይውጡ። ገመዱን ግን ይታጠቁ።»

ታጠቀችና ወጣች። ቶኩጂ ሲሠራ እንዳየችው በረዶውን እንደ ጡብ በአካፋ እየቆረጠች ቁልቁል ለቀቀችው፤ ጣሪያው እንዳይላጥ፣ እግሯም እንዳያዳልጣት ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ትተዋለች።

«መምህርት!»

ሰምታለች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት፤ በአካፋው ቆርቆሮውን መታ መታ አደረገች። ሁለተኛ ሲጠሯትም እንዲሁ።

«አካፋ የሚያንኳኳው ሰው ይሁን ንፋስ እኔ በምን ልወቅ?» አሉ ጌንሳኩ። «አፍ የለዎትም? ካልመለሱ እወጣለሁ፤ እኔ ከወጣሁ ደግሞ የሚቀበሩት ሁለት ናቸው።»

መልሱ አንድ ቃል ነው። ከዚህ ጣሪያ ላይ ያን ቃል ሲል የሰማችው አንድ ሰው ብቻ ነበር። መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ሽማግሌው የምራቸውን ነው።

«አለሁ» አለች። ቀጭን ሆኖ ስለወጣ ደገመችው። መሰላሉ ጸጥ አለ።

እስከ ቀትር ሲጠሩ ስትመልስ ቆዩ። የፊት ለፊቱ ጎን ተራግፎ ሲያልቅ ወረደች፤ ሻይና በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል አመጣችና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ጌንሳኩ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳያዩዋት ተናገሩ። እሁድ ከምሳ በኋላ ልጃቸው መጥታ ወደ ቤቷ ጠቅልላ ትወስዳቸዋለች። እሺ ያሉት ከጉልበታቸው ጋር ተመካክረው ነው። ዛሬ ያዩትን ለሹንጂ አይነግሩትም፤ መሄዳቸውን ግን ሊነግሩት ግድ ነው፣ እሳቸው አሉ ብሎ እንዳይዘናጋ።

ኪኑዬ ከእሳቸው በኋላ በመንደሩ የሚቀሩትን ጎረቤቶች በልቧ ቆጠረች። ሦስት ናቸው፤ አንደኛዋ አልጋ ላይ ናት፣ አንደኛው ጆሮው አይሰማም፣ ሦስተኛው ከደጁ መራቅ አቅቶታል።

«አይደውሉለት» አለች። «እኔው እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ሰኞ ይምጣ።»

ጌንሳኩ ዞር ብለው አዩዋት። «ለምን እሁድ አይመጣም? መንገዱ ያው ነው።»

«እሁድ እርስዎን የሚሸኝ ሰው ያስፈልጋል።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨረሱ። ቀና ብላ አየች፤ የፊቱ ጎን ቀሎታል፣ የጀርባው እንደተጫነ ነው። አንዱን ጎን ብቻ አራግፎ የተተወ ቤት ይጣመማል።

«ነገ ጠዋት የጀርባውን እናወርዳለን» አለች።

«ሰኞ ለሚዘጋ ቤት?»

«በሁለት ሰዓት ይምጡ» አለችና ኩባያዎቹን አንስታ ገባች።