ታችኛው ተዳፋት

ሦስቱ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን አስነስተዋል። አርባ ሺህ ችግኝ ተጭኖባቸዋል። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ የመጨረሻውን ሸራ ሲያስር ታናሽ እህቱ እያለከለከች ደረሰች።

"ወንድምጋሼ፣ መኪኖቹ እንዳይወጡ! ታችኛው ተዳፋት ላይ ከተተከሉ ይደርቃሉ።"

ሳቀ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። እነዚህን ችግኞች ደግሞ ዘራቸውን ከጫካ ለቅሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ጨቅላ ተንከባክቧቸዋል።

"ኮምፒውተርሽ ነው የነገረሽ?"

ኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም። በደን ምርምር ክፍሉ የአሥራ አንድ ዓይነት ዛፎችን የቅጠል ውፍረት፣ የእንጨት ጥጥርነትና ጥማት የመቻል አቅም ስትለካ ሦስት ዓመት ከርማለች። ከዝናቡ መዝገብ ጋር ስታሰላው ችግኙ የተጫነው ይህ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ድርቁን ሸሽቶ በየትውልዱ ወደ ላይ፣ ወደ ቀዝቃዛው እየወጣ ነው። ለተከላው ሥራ አስኪያጅ ብትነግረው፣ "ለተከላው በዓል እንግዳ ተጠርቷል፤ ቀንም ቦታም አይቀየርም" ብሎ መለሳት።

"እዚያው ተዳፋት ላይ ትልልቆቹ ቆመው የለ እንዴ?" አለ ወንድሟ። "ዓይኔን ልጠራጠር?"

"ሄደን እንለካቸዋ! ከተሳሳትኩ እኔው ራሴ እተክላለሁ።"

ለሾፌሮቹ "አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቁኝ" ብሏቸው ተከተላት።

ቅርንጫፉን የቆረጠው እሱ ነው። እሷ ቅጠሉን ከጋዝ ሲሊንደርና ከግፊት መለኪያ ጋር በተያያዘ የብረት ጣሳ ውስጥ ከትታ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በክዳኑ ቀዳዳ አውጥታ ጋዙን ከፈተች።

"ዛፉ ከተጠማ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ በብዙ ግፊት ነው ጠብታ የሚወጣው። መለኪያው ከሠላሳ ካለፈ የዛፉ የውሃ ቱቦዎች ውስጥ አየር እየገባ ነው ማለት ነው።"

እሱ በአጉሊ መነጽር ጫፉ ላይ አፈጠጠ።

"አሥራ አምስት" አለች መለኪያውን እያነበበች።

"የለም።"

"ሃያ አምስት።"

"የለም አልኩሽ!"

"ሠላሳ።"

ወንድሟ መነጽሩን ይበልጥ ወደ ጫፉ አስጠጋ።

"ሠላሳ ሦስት።"

"ጠብታው ወጣ" አለ ድምፁ ሰልሎ።

በሌሎች ሁለት ዛፎች ላይም ደገሙት፤ ያው ነው። ቀና ብሎ ቢያይ የላይኞቹ ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ቀርተዋል። ከዚያ ተንበርክኮ ደረቁን ቅጠል በእጁ ይገልጥ ጀመር። ከትልልቆቹ ሥር አንድም የበቀለ ቡቃያ የለም።

"ለካ ዘሩን የለቀምኩት ሁሉ ከላይኛው ጫካ ነው" አለ።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

"መኪኖቹ የት ደረሱ?"



"አልወጡም፤ አይወጡምም።"

"ሰውዬ፣ ሥራህን አትፈልገውም?"

"እፈልገዋለሁ። ግን በእጄ ያሳደግኩትን በእጄ አልገድልም" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ለበዓሉ የሚበቃውን አንዱን መኪና በግድ አስወጣ፤ እንግዶቹም ችግኙን ታች ተክለው ፎቶ ተነሱ። የሁለቱን መኪና ችግኝ ወንድምየው በወሩ ላይኛው ጫካ ዳር አስተከለ። ለዚህም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊነቱ ተነስቶ የመጋዘን ጠባቂ ሆነ።

በዚያም ዓመት በቀጣዩም ዝናቡ ቀረ። እህቱ ስትቆጥር ላይ ከተተከሉት ከአሥሩ ሰባቱ ለምልመዋል። ታች ያሉት አልቀዋል ማለት ይቻላል።

መጋዘኑ ድረስ ሄዳ ነገረችው። በእሷ ምክንያት ከሥራው መነሳቱ እንደ እሳት ስለሚያቃጥላት፣ "አይቆጭህም?" አለችው።

"እንዴት አይቆጨኝም!" አለ የመጋዘኑን ቁልፍ እያገላበጠ። "የዚያችን የአንዷን መኪና ጎማ አለማስተንፈሴ!"