የነጣው የመስኮት ጠርዝ

ትልቁ ልጄ መኪናዬን ሊሸጣት የወሰነው እኔን ሳያማክር ነው። ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ ብቅ አለና፣ ገና ሳይቀመጥ፣ «እማዬ፣ እሁድ ደላላ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

«የምን ደላላ?»

«የመኪና ነዋ! እስከ መቼ ልትነጂ ነው? ደግሞ መስኮቶቿን አይተሻቸዋል? ዙሪያቸውን ያለው ጥቁር ጠርዝ ነጥቶ፣ ተልጦ፣ እከክ የያዛት መስላለች እኮ። እናቴ በዚህች ስትሄድ ሰው ሲያይ አፍራለሁ።»

ደሜ ፈላ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨርቅ የምገዛው፣ የሰፋሁትንም ለደንበኛ የማደርሰው በዚህችው መኪና ነው። እሷ ከሄደች እኔም የልጄ ሳሎን ውስጥ ተጎልቼ፣ ወጣ ማለት ሲያምረኝ የሚወስደኝ ሰው ለምኜ ልኖር ነው። እሱ ይህን «እረፍት» ይለዋል። እኔ ያልደከመኝን እሱ ምን አደከመው?

«ያሳፈረህ ጠርዟ ነው?» አልኩት።

«ለምሳሌ ያህል ነው ያልኩሽ።»

«እንግዲያው ምሳሌህን እሠራዋለሁ።»

ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ምናልባት ነገሩን ለነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ እተወው ነበር። ሳቁ ግን እልህ ውስጥ ከተተኝ።

በማግስቱ ቀለም መሸጫ ሄጄ ብርጭቆ ወረቀት፣ የሚለጠፍ የወረቀት ፕላስተርና የሚረጭ ጥቁር ቀለም ገዛሁ። ሻጩ «ለልጅዎ ነው እናቴ?» ቢለኝ፣ «ልጄ ምን እጅ አለውና!» አልኩት።

ግቢ ውስጥ መኪናዋን ጥላ ስር አቆምኩና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ከዚያ መስታወቱንና የበሩን ቀለም በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈንኩ። ጠርዝ አስተካክሎ መያዝ ለልብስ ሰፊ ምኗ ነው? አንዲት ፀጉር የምታህል ክፍተት አልተውኩም። ቀለሙን ስረጨው ኩል የተኳለች ዓይን መሰለ። ለራሴ «እሰይ!» ብዬ ወደ ስፌቴ ገባሁ።

ተመልሼ ሳየው ጉድ ሆኛለሁ። ቀለሙ እንደ ላብ ጠብታ ተቋጥሮ፣ ግማሹ ሸሽቶ፣ ግማሹ በጣቴ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ሌላውም በር እንደዚያው። ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ቅባት ነገር ነበረበት?» አለኝ።

«የምን ቅባት! ማን ቀብቶት?» ብዬ ሳልጨርስ ማን እንደቀባው ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ጫማ ሰሪ ነበር። ለእሱ ጥቁር ሆኖ የደበዘዘ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ የጫማ ቀለም ነው። እሁድ ጠዋት የቤተሰቡን ጫማ ጠርጎ ሲያበቃ ብሩሹን አያስቀምጥም፤ ወጥቶ የመስኮቶቹን ጠርዝ ይቀባል። ጎረቤት «ጫማ አደረግካት እንዴ?» እያለ ሲስቅበት፣ «ታዲያ የምትወስደኝ እሷ አይደለችም?» ይላል። ያ ሁሉ ዓመት የቀባው ቅባት የብረቱን ጭረት ሁሉ ሞልቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሳላጥብ ፈግፍጌ ይባስ ብዬ አዳረስኩት።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሄደህም ሥራ ታበዛብኛለህ!»

ቅባቱን እንዲያስለቅቅልኝ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። ጨርቁ ከሰል መሰለ። ሌላ ቀየርኩ፤ እሱም ጠቆረ። ከቲነሩ ሽታ በታች የጫማ ቀለሙ ሽታ ብቅ አለ፤ ባለቤቴ ማታ ሲገባ እጁ የሚሸተው ያንን ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ናፈቀኝ። በገዛ እጄ እያጠብኩ የማስለቅቀው እሱን መሰለኝ። እጄ ግን አላረፈም። እሱ ካልለቀቀ ቀለሙ አይዝም።

ቅዳሜን የፈጀሁት በዚሁ ነው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ እስኪወጣ አጠብኩ፣ እንደገና ፈገፈግኩ፣ እንደገና ሸፈንኩ፣ ስስ ስስ እያደረግኩ ረጨሁ። ፕላስተሩን ስልጠው መስመሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ወገቤ ተቆርጧል፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም።

እሁድ ልጄ መጣ፤ ደላላው ተከትሎታል። ደላላው መኪናዋን ዞራት፣ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰውና «የት ጋራዥ አሠሩት?» አለኝ።

«እዚሁ። ራሴ።»

«እንዲህ ሆናማ ዛሬውኑ ትሸጣለች!»

ልጄ አቀፈኝ። «አየሽ እማዬ? እንኳን ሠራሻት! ለገበያ አሳመርሽልን።»

ክው አልኩ። ሲያላግጥብኝ እንኳን እንዲህ አልተናደድኩም።

«ጠርዙ ያሳፍራል አላልክም?»

«አሁንማ አያሳፍርም።»

«ታዲያ ለምን ትሸጣለች?»

ደላላው ነገሩ ገብቶት ፈንጠር ብሎ ቆመ።

«እማዬ፣ አባዬ ከሄደ ወዲህ ስደውልልሽ ካላነሳሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር የሆንሽ ይመስለኛል» አለ ልጄ። «ሥራ መሥራት አቃተኝ።»

አሳዘነኝ። ዓይኑ ልክ ልጅ ሆኖ ጨለማ ሲፈራ እንደነበረው ነው። ጭንቅላቱን ዳበስኩት፤ እጅ መስጠት ግን ምን ቆርጦኝ!

«ፍርሃትህ ገብቶኛል ልጄ። ግን ፍርሃቱ ያንተ ነው። አንተ እንዳትፈራ ብዬ እኔ ታስሬ አልቀመጥልህም። ግባ።»

«የት?»

«መኪናዋ ውስጥ። ስነዳ ሳታይ ነው የምትፈራው።»

ደላላው ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ እኔ ብሞክራት?» አለ።

«ትሞክራለህ፤ ከኋላ ተቀምጠህ።»

ወጣን። ልጄ ጎኔ ተቀምጦ፣ ፍሬን ያለበት ይመስል በእግሩ ወለሉን ይረግጣል። አደባባዩን ዞርኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ ድንገት ከፊቴ የገባ ሚኒባስ ሲያጋጥመኝ ረጋ ብዬ አሳለፍኩት። ልጄ ወለሉን መርገጡን ተወ። ደላላውን አንድ ፌርማታ ላይ አወረድኩትና «በል፣ የምትሸጥ መኪና ፈልግ» አልኩት። ሳቁን መያዝ አልቻለም።

ልጄን ቤቱ በር ላይ አደረስኩት። ወርዶ በሩን ዘጋና በመስኮቱ አጎነበሰ።

«በቃ፣ ስትደርሺ ደውይልኝ» አለኝ።

«አንተ በፈራህ ጊዜ ደውል» አልኩት። «እየነዳሁ ከሆነ ግን አላነሳም።»