ከዜሮ በታች የወረደው የሰርግ ፊልም

የትንሿ ልጄ ሰርግ ዕለት እኔ እግሬን በጀሶ ታስሬ ከጣሪያው ጋር ተፋጥጬ ነበር። ሰርጉ ሌላ ከተማ፣ እኔ አልጋ ላይ። ባርኔጣዬ እንኳ ያን ሰሞን ጠፍቶብኝ ነበር። እንግዲህ የቀረኝ ተስፋ የሰርጉ ፊልም ነበር።

ፎቶ አንሺው ሙሉውን በአንድ ፋይል ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠው። ትልቋ ልጄ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ፋይል የሚያወርደውን ፕሮግራም የጻፈችው ራሷ ናት። አጠገቤ ተቀምጣ ጀመረች። እኔ ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየውን ቁጥር ተከትዬ "አንድ ጊጋ... አንድ ተኩል..." እላለሁ። ሁለትን አለፍ ሲል ከቁጥሩ ፊት ሰረዝ ብቅ አለችና ሁሉም ቀጥ አለ።

"ምንድን ናት ይቺ ሰረዝ?"

"ኔጌቲቭ ነው አባዬ። ከዜሮ በታች።"

"ይሄን ሁሉ ጎርሶ አልበላሁም ይላል?" አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ። "በልቶ ካጅ!"

ልጄ ደገመችው፤ እዚያው ላይ ቆመ። "በሚስጥር ባልተቆለፈው የኢንተርኔት መስመር ቢሆን ያልፋል። በተቆለፈው ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። በክፍቱ ላውርደው?"

"ክፍቱ ምን አለው?" አልኩ።

"ፋይሉ ሲመጣ መንገድ ላይ የጠለፈው ሰው ሊያየው ይችላል።"

"ሞቼ ነው ቆሜ!" አለች ባለቤቴ። "በቁልፉ ይምጣ፤ ካልሆነ ይቅር!"

ይቅር? "አንቺማ አይተሻል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ፊቷን አዞረች።

ልጄ ሁለታችንንም አየት አድርጋ ወደ ፕሮግራሟ ጽሑፍ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ግንባሯን መታች። "የኔው ጥፋት! ለክፍቱ መስመር ትልቅ ቁጥር የሚይዝ ሰፊ ቆጣሪ ሰጥቼ፣ የተቆለፈውን በጠባቡ ትቼዋለሁ። ጠባቡ ሁለት ጊጋ ሲሞላበት ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ፕሮግራሙም ስህተት መስሎት ይቆማል።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ማስፋት ነዋ!"

አሰፋችው። ሁለት ጊጋ ላይ ሲደርስ ሦስታችንም ወደ ስክሪኑ አንገታችንን አሰገግን። አለፈ! "እሰይ!" እያልኩ አልጋውን ደበደብኩት።

ፊልሙ ተከፈተ። ከሙሽራዋ ጎን አንድ ባዶ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ የኔ ባርኔጣ። ለካስ ሰርጉ ላይ ነበርኩ! ዓይኔን ስጠርግ ሙዚቃው ጀመረ፤ ባለቤቴ ብድግ ብላ መስኮት እንደሚጋርድ መጋረጃ ስክሪኑን ጋረደችው።

"በቃ፣ ቀሪው ያሰለቻል።"

"ዞር በይ አንቺ ሴትዮ!"

ልጄ እየሳቀች ጎተተቻት። ፊልሙ ላይ ባለቤቴ ከሙሽራው አባት ጋር ስትጨፍር፣ ስትሽከረከር፣ አዳልጧት ኬኩ ላይ ዘጭ! ጀሶዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ።

"ሳቅ፣ ሳቅ!" አለችኝ። "ከዚህ ክፍል ይወጣና ወዮልህ!"

"በቁልፍ መጥቷል፣ በቁልፍ ይቀመጣል" አልኳት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፦ "እስቲ ወደ ኬኩ አንዴ መልሺልኝ።"