የአንድ ቀን ለቅሶ

ጋሽ አያሌው መርሳ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ወልድያ ለሚታተመው ሳምንታዊ ጋዜጣ ግን «የማኅበረሰብ ፈላስፋ» ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው የጋዜጣው አዘጋጅ ፅዮን ናት፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ማንስ ይጠላል! ማክሰኞ ማክሰኞ የእጅ ጽሑፋቸውን ለሚኒባስ ሹፌሩ ለናስር ይሰጡታል፤ ረፋዱ ላይ ፅዮን ትደውላለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ከመርሳ ተነስታ ወልድያ ሳትገባ አንባቢው ይደክመዋል። ልቁረጣት?»

«እኔን ቁረጪኝ እንጂ እሷን አትንኪ!»

ትቆርጣታለች። ያኮርፋሉ። በሳምንቱ ደግሞ ይልካሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲጨቃጨቁ ኖሩ፤ ልጅ ያልወለዱት ጋሽ አያሌው ከዚህች ጭቅጭቅ የበለጠ የሚወዱት ነገር አልነበረም።

ታዲያ ባለፈው ጥር ስለ ለቅሶ ጻፉ። «ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ሱቅ ያዘጋል፣ እርሻ ያስፈታል፤ ሐዘንተኛውንም አያጽናናውም። የቀብሩ ቀን ይበቃል» አሉ። ፅዮን አንዲት ቃል ሳትቆርጥ አወጣችው፤ ጋዜጣው ቀትር ሳይሆን አለቀ። የፅዮን ሰፈር እድርም ተሰብስቦ «እሰይ፣ የተማረ ሰው ተናገረ!» ብሎ ደንብ አደረገው፤ ድንኳን ለአንድ ቀን ብቻ። ጋሽ አያሌው ያን ሳምንት በመርሳ መንገድ ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የፅዮን እናት ወይዘሮ ደብሪቱ አረፉ። ጋሽ አያሌው ቀብር ዋሉ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሉ፣ ማታ መርሳ ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ናስር ከወልድያ መጥቶ በራቸው ላይ መኪናውን አቆመ።

«ጋሼ፣ በፅዮን ደጅ አልፌ ነበር። እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ወስዶታል። ዘመዶቿም ወደየከተማቸው፣ ወደ ሐራና ወደ ግራና፣ ተመልሰዋል። ልጅቷ ብቻዋን ናት!»

ጋሽ አያሌው ክው አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቢሄዱ በምን ዓይናቸው ያዩዋታል? ቢቀሩ ደግሞ ፅዮንን አጧት ማለት ነው፤ ማክሰኞ የሚደውልላቸው ሰው የለም። ኮታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሚኒባሱ ላይ ወጡ።

ፅዮን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ስታያቸው አልተነሳችም።

«ምነው ጋሼ? ትናንት መጥተው የለ? ቀኑ እኮ አለቀ።»

ጋሽ አያሌው ጫማቸውን አወለቁና ከፍራሹ ጠርዝ ቁጭ አሉ።

«ትናንት አላለቀስኩም» አለች ፅዮን። «ሰው ስቀበል፣ ሰው ስሸኝ መሸ። ዛሬ ላለቅስ ነበር፤ ብቻዬን ብሞክረው እንባዬ አልወጣ አለኝ።»

ይህን ስትል «እማዬን! እማዬን!» ብላ ጮኸች። ጋሽ አያሌውም አብረዋት ተንሰቀሰቁ።

ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤቷ ማሚቴ በበሩ ብቅ አለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«እኔ እኮ ጋዜጣው አንድ ቀን ይበቃል ስላለ ነው የቀረሁት...»

«ጋዜጣው ምን አድርጎ!» አሉ ጋሽ አያሌው፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ግቢ ማሚቴ፣ ግቢ፤ ጎረቤቱንም ጥሪ። እኔ ሰልስት ሳይወጣ የትም አልሄድም።»

ፅዮን ፈቀቅ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።