የቤንዚኑ ግዝት

ዓርብ ጠዋት ዓለምነው ስኩተሯን ከጓሮ አውጥቶ ሃያ ጊዜ ረገጣት፤ ሃያ ጊዜም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ዝም አለች።

"ምነው? ምን አደረግሁሽ?" አላት።

ከሰው ጋር እምብዛም አያወራም፤ ከእሷ ጋር ግን ያወራል። ቀለሟ የተላላጠ፣ መቀመጫዋ ሁለት ቦታ የተሰፋ አሮጌ ስኩተር ናት። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ የነበረው አጎቱ ሲሞት ለእሱ ደረሰችው። በ2002 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባው ቀርቶ፣ ደብረ ኤልያስ ከተማ አጠገብ ወዳለው የእናቱ ቤት ከተመለሰ ወዲህ፣ የእኔ የሚለው ነገር ቢኖር ይህችው ናት። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ጫፍ ይወጣባታል፤ መጽሐፍ ይገልጣል፤ ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉን ትቶ ደመናውን ያነባል።

ረቡዕ ዕለት ሳል ቢጤ ጀመራት። ሐሙስ ካንዴላዋን ነቀለ፤ ነዳጁንም ለማየት የሳልባትዮዋን ክዳን ከፈተ፤ እንደ ተከፈተች ትቷት አዲስ ካንዴላ ፍለጋ ገበያ ወረደ። ሲመለስ መንገድ ዳር ቤንዚን ከሚቸረችረው ከባዘዘው አንድ ሊትር በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ መጣ፤ ካንዴላውን አሰረ፤ ቤንዚኑን ጨመረ፤ ክዳኑን ገጠመ። ይኸው፣ የሳለችው ጭራሽ ዱዳ ሆነች።

አጎቱ ያስተማረው ቅደም ተከተል ነበረ፦ በመጀመሪያ እሳቷን፣ ቀጥሎ ትንፋሿን፣ በመጨረሻ መጠጧን። ካንዴላውን ነቅሎ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካና ማስነሻዋን ረገጠ። ጣ! ሰማያዊ ብልጭታ። እሳትስ አለ። የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ እፍ አለበት፤ ንጹሕ ነው። ትንፋሽም አለ። ከዚያ በካቻቢቴ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ ፈትቶ፣ ውስጧ ያለውን በሻይ ብርጭቆ ቀዳ።

ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ነገር ቆመ። ከላይ ቢጫማ ቤንዚን፤ ከታች እንደ ዕንባ የጠራ ውሃ። በመካከላቸው እንደ እርሻ ድንበር የቀጠነ መስመር።

ሳልባትዮዋን ሙሉ በሙሉ ቢያንጠፈጥፋት ከቤንዚኑ ሥር ሌላ ሙሉ ኩባያ ውሃ ወጣ። ዝናብ ነው እንዳይል ከጥር ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ይህ የሰው እጅ ነው!

እናቱ የብርጓል ደጃፉ ላይ ጥጥ እየፈተለች ቀና አለች። "ዳነች፣ ልጄ?"

"ገደሏት" አለና ወጣ። ማን እንደ ገደላት፣ በምን እንደ ገደላት አልነገራትም። መንገር ልማዱ አልነበረም።

ባዘዘው የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር። መንገድ ዳር ጠርሙሶቹን ደርድሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አላፊ አግዳሚው አይጠፋም።

"እሰይ! ባለ ሞተሩ ዛሬ በእግሩ መጣ!"

"ውሃ ሸጥህልኝ" አለ ዓለምነው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

"ምን?"

"ሌባ ነህ! ቤንዚን ብለህ ውሃ ሸጥህልኝ!"

አላፊው ቆመ። የባዘዘው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ውሃ የምሸጥ ብሆንማ ወንዙን አጥሬ እቀመጥ ነበር። እይ!" አለና ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት በብርጭቆ እየቀዳ አሳየው። አንዱም ውሃ አልነበረበትም። "ትናንት ዐሥራ አንድ ሰው ቀድቷል። ያንተ ብቻ ነች ውሃ የጠማት?"

"የእኔን ለይተህ ነዋ!"

"ዓለምነው፣ ሰው ፊት ሌባ ብለኸኛል። እንግዲህ እኔ በመሐላ ጊዜ አላባክንም። እሁድ ቄስ ገብረ ኪዳን ይገዝቱልን። እኔ ከሆንሁ እኔን፣ ሌላ ከሆነም ሌላውን!"

"ይገዝቱ!" አለ ዓለምነው።

በዚያ አገር ግዝት እንደ መብረቅ ይፈራል። የተገዘተ ሰው ሰላም አይባልም፤ ከሰው ጋር አይቆርስም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም። እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሁለቱ ወጣቶች ቄስ ገብረ ኪዳን ፊት ቀረቡና ነገሩን አመለከቱ። ቄሱ ሁለቱን በየተራ አዩአቸው።

"ልጆቼ፣ ይህ ነገር ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ጠይቃችኋል? አጣርታችኋል?"

"አጣርተናል፣ አባ" አለ ዓለምነው።

ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ከደረጃው ላይ ቆሙ። "የዚህን ልጅ ሞተር ውሃ ጨምሮ ያበላሸ፣ ሲያበላሽም አይቶ የሸሸገ፣ በሐዋርያት ሥልጣን ከማኅበረ ምእመናን የተለየ ይሁን!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ዓለምነው ነበር። እዚያ ማዶ ባዘዘውም ዓይኑን ከእሱ ሳይነቅል "አሜን" አለ። የዓለምነውም ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸበረ፤ በደል ያለበት ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አሜን ይላል?

ሕዝቡ እንደ ወትሮው ሰንበቴ ቤት ገባ። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። በሴቶቹ በኩል ግን የየብርጓል ቦታ ባዶ ነበር። "እናትህስ?" አለው አንዱ። ዓለምነው ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ።

እናቱ ከቤቱ ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አድርጋዋለች።

"እማ! ማን ሞተ?"

"አትቅረበኝ!" እጇን ዘረጋች። "እዚያው ቁም፣ ልጄ። ተገዝቻለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ። ውሃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ።"

ዓለምነው የሚሰማው ሌላ ቋንቋ መሰለው። የአጥሩን እንጨት ያዘ።

"ረቡዕ 'ታመመች' አላልኸኝም? ዓይን ነው የበላት አልሁ። ልጄ የሚያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው፤ እሷ ከሞተች ዱዳ ሊሆንብኝ ነው ብዬ፣ ሐሙስ ከአባ ገብረ ኪዳን ጸበል በቅል ተቀብዬ መጣሁ። አንተ ገበያ ነበርህ። ረጨኋት። ከቅሉ ግማሹ ተረፈ። ጸበል መሬት ይደፋል? እግር ይረግጠዋል። ልጠጣው ደግሞ አፌ እህል ቀምሷል። አፏ ተከፍቶ አየሁና አጠጣኋት።"

"ታዲያ ለምን… ለምን እዚያው አልተናገርሽም?"

"ልናገር አፌን ስከፍት አንተ አሜን አልህ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅህን ለየሁት። ምላሴ ታሰረ።"

ሊያቅፋት ተራመደ፤ በተቀመጠችበት ወደ ኋላ ሸሸች። የገዛ እናቱ ከእሱ ሸሸች! ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቤት አድረው፣ አንድ መሶብ በልተው፣ 'እማ፣ ውሃ ተገኘባት' የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። አጣርተናል ነበር ያለው!

ሮጠ። ሰንበቴ ቤት ሲደርስ ሰው ገና አልተነሣም። በሕይወቱ ሦስት ሰው ፊት ተናግሮ የማያውቀው ልጅ መሐል ቆመ።

"እናቴ ናት" አለ። "ጸበል ነው። ስትረጨው የተረፈውን መሬት ላለመድፋት ነው። እኔ ሳልጠይቃት… እናቴን አስገዘትኋት።"

ዳቦው በየሰዉ እጅ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት "ውይ!" ብላ አፏን ያዘች። ቄስ ገብረ ኪዳን ዋንጫቸውን ሲያስቀምጡ ጠላው ፈሰሰ።

"ሐሙስ… በቅል" አሉ። "ለልጄ ዕቃ ብላ ስትለምነኝ ባርኬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የሰጠሁትም እኔ፣ የገዘትሁትም እኔ።"

"ይፍቷታ፣ አባ!" አለ ዓለምነው። "አሁኑኑ ይፍቷት!"

"ግዝቱን ያስነገራችሁ ሁለት ናችሁ። ሁለቱም ባለ ነገሮች ካልማሩ መስቀሌን አላነሣም።"

የሁሉም ዓይን ወደ ባዘዘው ዞረ። ባዘዘው ዳቦውን እያኘከ ነበር። ለዓለምነው የዚያ ዳቦ መዋጥ ዓመት አከለበት።

"የት አለች?" አለ ባዘዘው።

ከበሩ ውጭ ነበረች። ልጇ ሲሮጥ በሩቁ ተከትላው፣ ከቅጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆማለች። ሕዝቡ ወጣ። ባዘዘው ፊቷ ሄዶ ቆመ።

"እማማ የብርጓል።"

"አቤት፣ ልጄ። በእኔ ጥፋት ስምህ ጠፋ። ይቅር በለኝ።"

"እርስዎ ምን አጠፉ? ልጅዎ ሰው ፊት ሌባ ያለኝ ለታ እናቴ ሰምታ ስታለቅስ አደረች። የእናት ዕንባ ምን እንደሚመስል አሁን ያውቃል።" ወደ ቄሱ ዞረ። "አባ፣ እሳቸውን ምሬያለሁ። ከልቤ። እሱን ግን ገና አስብበታለሁ።"

"አንተስ?" አሉ ቄሱ ወደ ዓለምነው።

"እኔ ምን የምምረው አለኝ፣ አባ" አለ።

ቄሱ ከቅጥሩ ወጥተው መንገዱ ላይ፣ እሷ ፊት፣ መጀመሪያ ራሳቸው ተንበረከኩ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ካህን ለምእመን ሲንበረከክ ያየ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ከዚያ ተነሥተው መስቀላቸውን በራሷ ላይ አኖሩና ፈቷት። የብርጓል መስቀሉን ተሳለመች።

ከሰንበቴው ዳቦ ቆርሰው በእጇ ሰጧት። አልጎረሰችም። ለሁለት ገመሰችውና ትልቁን ለባዘዘው አጎረሰችው፤ ባዘዘውም አንገቱን ሰብሮ ተቀበላት፤ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ከጎኑም ቦታ ለቀቀላት።

ዓለምነው መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ግባ ያለው ሰው አልነበረም፤ አትግባም ያለው አልነበረም። ብዙ ከቆየ በኋላ ወደ ውስጥ ገባ፤ ማድጋውን ከአስተናጋጁ ተቀብሎም ከባዘዘው ዋንጫ ጀምሮ ጠላ መቅዳት ያዘ።