አሥራ አራት ቀን በአረንጓዴ ልብስ

ሠርጋችን የተበላሸው አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደብዳቤ ስለጻፈ ነው። ሙሽራዋ ቻይና ውስጥ የወታደር ሥልጠና ወስዳለች ይላል። ውሸት አይደለም። ወስጃለሁ፤ አሥራ አራት ቀን።

እዚህ አሜሪካ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከጋብቻ በፊት የሙሽሮቹ ስም ሦስት እሑድ ይነበባል። አንባቢው በመጨረሻ «ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ መውጫ ዘግቶ ስለቆመ መኪና ማስታወቂያ ይቀጥላል። ማንም ተቃውሞ አስገብቶ አያውቅም። በእኔና በእጮኛዬ በማቲያስ ላይ ግን ሁለተኛው በተነበበ ማግስት ገባ፤ ሦስተኛው ታገደ።

የነገረኝ ማቲያስ ነው። ሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ ኮል አደረገኝ።

«ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሊያነጋግሩን ይፈልጋሉ» አለ። «ስለ ቻይናው ነገር።»

«የቻይናው ምን ነገር?»

«የዩኒፎርሙን ፎቶ አይተው ነው መሰለኝ።»

«ማን አሳያቸው?»

«አይናገሩም። የጻፈው ሰው ስም አይወጣም፤ ሩሉ እንደዚያ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ የፍሳሽ መስመር እነድፋለሁ። ያን ቀን አንዱን መስመር ሽቅብ እንዲፈስ አድርጌ ነድፌው አለቃዬ ሳቀብኝ።

ፎቶው ፌስቡኬ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። አረንጓዴ ዥንጉርጉር ልብስ ለብሼ፣ ቆብ ደፍቼ፣ ጠመንጃ ይዣለሁ። ቻይና ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ሳይጀምር ይህን ሥልጠና ይወስዳል፤ ለእነሱ ግዴታ ነው። የውጭ ተማሪ አይገደድም። እኛ ግን በቻይንኛ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል የምንማር አሥራ አንድ የውጭ ተማሪዎች ነበርን። የተማሪዎች ተቆጣጣሪው መምህር ሰበሰበንና «በፈቃዳችሁ ነው» አለን። ከዚያ የጫማ ቁጥራችንን ጠየቀን።

ሳምንቱን ሰው ስጠረጥር ሰነበትኩ። ማክሰኞ ማራናታ «ሰላም ነሽ ውዴ?» ብላ ቴክስት ላከችልኝ። ማራናታ መዘምራን ውስጥ ናት፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ለማቲያስ ትሆናለች ተብሎ ይወራ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰላም ነሽ ብላኝ አታውቅም። መልስ አልሰጠኋትም። ሐሙስ የማቲያስ እናት እትዬ ውቢት ደወሉና ስለ ድንኳኑ ጨርቅ ቀለም ግማሽ ሰዓት አወሩኝ፤ ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቻይና መማሬን መጀመሪያ ሲሰሙ «ምነው፣ እዚህ አትማሪም ነበር?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የአሜሪካ ቪዛ ሱቅ የሚሸጥ ይመስል። ዓርብ ማታ እትዬ ውቢትን ከዝርዝሬ አንደኛ፣ ማራናታን ሁለተኛ አድርጌ ተኛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ ዞሬ፣ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ ቤተ ክርስቲያናችን ያለበት አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ሦስት ሽማግሌዎች መገኘት ነበረባቸው። አንዱ ሥራ ገባ፣ አንዱ ሎረል የሚባል ከተማ ልቅሶ ሄደ። የቀሩት ጋሽ ለገሰ ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን ወጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አዳራሹ ውስጥ የመዘምራን ልምምድ ስለነበረ የልጆች ክፍል ገባን። ወንበሮቹ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠሩ ናቸው። ጋሽ ለገሰ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ደረታቸው ደረሰ። ማቲያስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እስቲ ንገሪኝ ዕድላዊት» አሉ ጋሽ ለገሰ። «ሥልጠናው ምን ነበር?»

«መቆም ነው።»

«መቆም?»

«ፀሐይ ላይ መቆም። ከዚያ መራመድ። ከዚያ ደግሞ መቆም። ጠዋት ብርድ ልብስ አጥፎ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ማውጣት። ካላማረው አሠልጣኙ በመስኮት ይወረውረዋል።»

«ስንተኛ ፎቅ ነበራችሁ?»

«አምስተኛ።»

ማቲያስ ሳቀ። ጋሽ ለገሰ አልሳቁም።

«ተኩስስ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ጠመንጃ ፕላስቲክ ነው። ቻይናዎቹን አንድ ቀን ወስደው አስተኮሷቸው፤ እኛን አላስጠጉንም።»

«መሐላ ነበረው?»

«መዝሙር ነበረው። ግማሹን ቃል አላውቀውም፤ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።»

«እንደዚያ የሚያደርጉ እዚህም አሉን» አሉና ወደ አዳራሹ በአገጫቸው ጠቆሙ። «አሠልጣኙ ወታደር ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጫማው እግራችንን ሲልጠን ሴቶቹ ሞዴስ ውስጡ አንጥፉ አሉን፤ እሱ ሲሰማ ፊቱ ቀላ።»

ይህን ያልኩት እሳቸውም አፍረው ጥያቄው እንዲያጥር ነው። አላፈሩም።

«ጥሩ ዘዴ ነው» አሉ። «እኛንም በስልሳ ሰባቱ ዘመቻ ካኪ አልብሰው ቀኝ ኋላ ዙር አስተምረውናል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ልክ ነሽ፤ ሥልጠናው ራሱ ምንም አይደለም። መቆም ነው።»

አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ጋሽ ለገሰ ግን ከሸሚዝ ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«አንዲት ነገር ቀርታለች። ‘በየማለዳው ያልተገኙ ጓደኞቿን ስም እየመዘገበች ለተቆጣጣሪው ታስረክብ ነበር፤ በዚህ ምክንያት አንዲት ኢትዮጵያዊት ትምህርቷን አጥታለች’ ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ።

እውነት ነው። ከአሥራ አንዳችን የእኔ ቻይንኛ ይሻል ስለነበር ዝርዝሩ ለእኔ ተሰጠ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስም እጠራለሁ፤ የመጣ «ዳው» ይላል፣ አለሁ ማለት ነው። ያልመጣ ሰው ስም ላይ ክብ አደርጋለሁ። ቤዚ የምንላት ልጅ ማታ ማታ ለሕፃናት እንግሊዝኛ ስታስጠና እያመሸች ጠዋት መነሳት ያቅታት ነበር። ስድስት ክብ አገኘች። ልደብቅላት እችል ነበር። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እሷ ለምን ትተኛለች አልኩ። በዓመቱ መጨረሻ ስኮላርሺፑ ሲገመገም ክቦቹ ተቆጠሩ፤ ቤዚ ወደ አገር ቤት ተመለሰች።

ይህንን ለጋሽ ለገሰ ሳላሳጥር ሳልጨምር ነገርኳቸው።

«የእኛም ካምፕ ስም የሚመዘግብ ልጅ ነበረው» አሉ። «ጎበዝ ተማሪ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር።»

«ምን ሆነ?»

«እሱማ ምን ይሆናል? የመዘገባቸው ናቸው የሆኑት።»

ከአዳራሹ የከበሮ ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ቦታ ላይ እየሳቱ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ፎቶውን ማንም ማየት ይችላል። ዝርዝሩ ፎቶው ላይ የለም። ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም። የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው፤ ባለፈው የካቲት፣ ፎልስ ቸርች ከተማ አንድ የቬትናም ምግብ ቤት ውስጥ ሾርባ እየጠጣን።

ዞሬ አየሁት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልጆች ሥዕል ያያል።

«ማቲያስ።»

«አቤት።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«የጻፈው ሰው ስም አይጠየቅም» አሉ ጋሽ ለገሰ። ወረቀቱን ግን በጥድፊያ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ማቲያስ።

«ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ! ቤዚስ ምን ሆነች ስልሽ ‘ሰዓት ማክበር ነበረባት’ አልሽኝ። ዛትስ ኢት፣ በቃ። ሾርባሽን ቀጠልሽ።»

«ስለዚህ ሽማግሌ ይመርምርልኝ አልክ።»

«ሌላ ሰው ሲጠይቅሽ ምን እንደምትይ መስማት ፈለግኩ።»

«ሰኞ ደውለህ ‘ፎቶውን አይተው ነው መሰለኝ’ አልከኝ።»

ፊቱን ወደ ልጆቹ ሥዕል መለሰ።

«ሳምንቱን ሙሉ እናትህን ስጠረጥር ከረምኩ።»

«ፈራሁ፣ ኦኬ? ስልክሽ ላይ ያረፈድኩባቸው ቀናት ተጽፈዋል። አይቻቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ዴቱ፣ ደቂቃው ሁሉ አለ። ማነው የሚያገባውን ሰው እንደዚያ የሚመዘግብ?»

«አርፍደሃል ወይስ አላረፈድክም?»

«ይኸው!» አለ ወደ ጋሽ ለገሰ እጁን ዘርግቶ። «ሰሙ? ይኸው!»

ጋሽ ለገሰ ግንባራቸውን አሹ። «አንድ ጊዜ ስሙኝ ልጆች» አሉ። «ጋብቻ የሚከለክል ነገር አላየሁም። አንቺ ለዚያች ልጅ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂያት። አንተ ደግሞ እሷን ይቅርታ ጠይቃት፤ ተደብቀህ ከምትጽፍ ፊቷ ላይ ብትናገር ይሻልህ ነበር። አሁን እንጸልይና ነገ ሦስተኛው ይነበብ።»

መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ሠርጉ በሦስተኛው ሳምንት ይደረግ ነበር። ማቲያስን እወደው ነበር፤ አሁንም አልጠላሁትም። ግን ከዚህ ወዲያ በየቀኑ ምን እንደሚሆን ታየኝ። እሱ ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ምን ጻፈችብኝ ይላል። እኔ እሱ ዝም ባለ ቁጥር ለማን ሊነግርብኝ ነው እላለሁ።

«ለቤዚ እደውልላታለሁ» አልኩ። «እሱን ነገር አልክድም። ግን ክቡን ሳደርግባት ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር። ሁሉም እየሰማ ነው ስሟን የጠራሁት።»

«አውቃለሁ» አለ ማቲያስ። «ሶሪ። እውነቴን ነው፣ ሶሪ። አሁን ምን ላድርግ?»

«ምንም። ነገ አያስነብቡት፣ ጋሽ ለገሰ።»

«ተይ ልጄ። በንዴት አይወሰንም።»

«አልተናደድኩም።»

ከትንሿ ወንበር ስነሳ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ማቲያስ ሊደግፈኝ እጁን ዘረጋ፤ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። «ቁጭ በይ፣ ፕሊስ» አለኝ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ለጋሽ ለገሰ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተሰናበትኳቸው። በሩ ልጆች በቀላሉ እንዳይከፍቱት ጠንከር ተደርጎ የተገጠመ ነው። ወጣሁና እስኪገጥም ድረስ በሁለት እጄ ስቤ ዘጋሁት።