ሸራው ይነሳ

የተማረ ይግደለኝ ይላል ሰው። ይህን ያለው ሰው የተማረ ወንድም አልነበረውም ማለት ነው። እኔ አለኝ።

ታናሼ ነው። አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወገቡ ተይዞ አልጋ ላይ ሲውል፣ ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ትተን መኪናው ላይ መውጣት ነበረብን። «ትልቁ ይውጣ» ተባለ። ትልቁ እኔ ነኝ። እሱ በእኔ ትከሻ ተማረ፣ የፈረንጅ ቋንቋ አወቀ፣ ይኸው አሁን የአደራዳሪዎቹ አስተርጓሚ ሆኗል። ድሮ «ጋሼ» ነበር የሚለኝ። የእነሱ ነጭ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ «አንተ» ሆኛለሁ፤ ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ «ሾፌሩ»። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብዬ ተውኩት። በአፌ ነው የተውኩት፣ በሆዴ አይደለም።

እናታችን ከወንዙ ማዶ ናት። ማዶ ሌላ አገር ነው። ጦርነቱ ሳይጀመር ግን ድልድዩን ተሻግሮ መሄድ ጎረቤት ቤት ጨው ሊበደሩ እንደ መሄድ ነበር። የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ተሻገረች፣ መድፉ ጀመረ፣ ድልድዩ ተዘጋ፣ እዚያው ቀረች። ስልኩ ከመቋረጡ በፊት «የግፊት መድኃኒቴ እያለቀ ነው፣ ግን አታስቡ» አለችኝ። እማዬ አታስቡ ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

አደራዳሪዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። የከተማችን ሆቴል ውስጥ ከርመው፣ በነጩ መኪና ጠዋት እዚህ ከሰዓት ማዶ እየተመላለሱ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ለአንድ ቀን ተኩስ ይቆማል። እኛ የእርዳታ ዱቄት ጭነን እንሻገራለን፤ ማዶ አራግፈን ስንመለስ ሽማግሌዎችን፣ በሽተኞችንና እንደ እማዬ መንገድ ላይ የቀሩትን ጭነን እንመጣለን። ይህን ስሰማ ሄጄ መድኃኒቷን ገዛሁ። ከቤት ትራስ አምጥቼ ጋቢና ውስጥ አነጠፍኩ።

ጠዋት መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ስንጭን የመጋዘኑ ኃላፊ በረንዳው ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። እኔን ሲያይ ጥርሱ ተገለጠ።

«ሊጥ! ዛሬስ እርሾ ይዘሃል?»

ጫኞቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ሳቁ።

የዚህን ስም ነገር ልናገር። አንድ ክረምት ለመጋዘኑ ዱቄት ላመጣ ስሄድ ኃላፊው የሰጠኝ ሸራ ቀዳዳ ነበር። «ጌታዬ፣ ይሄ ሸራ ወንፊት ነው» አልኩት። «ለአንተ መኪና ይበዛበታል» አለኝ። መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ፤ ስደርስ ጆንያው ውስጥ ያለው ነገር የሚጋገር እንጂ የሚራገፍ አልነበረም። ያን ለት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ኑ እዩ፣ ሾፌራችን ሊጥ አቡክቶ መጣ» አለ። ቀዳዳ ሸራ የሰጠ እሱ፣ ሊጥ የተባልኩ እኔ። ከዚያ ወዲያ የአባቴን ልጅ በስሙ የሚጠራ ጠፋ።

ወንድሜ ከዋናው አደራዳሪ ጋር መጣ። ሰውዬው ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ እንደ ታማሚ ዝቅ ያለ። እሱ ሲያወራ ወንድሜ ይተረጉማል።

«ሸራው ይነሳ። ጭነቱ ከዚህ ተነስቶ ማዶ እስኪራገፍ ድረስ ክፍት ይሆናል። ማዶ ኮረብታው ላይ ያሉት ወታደሮች በመነጽር ይከታተላሉ። የሚደበቅ ነገር ካዩ ስምምነቱ የለም።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በምሥራቅ በኩል ጠቁሮ ተቆልሏል።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አልኩ።

ወንድሜ ጥያቄዬን ለሽማግሌው አልተረጎመለትም። «ትዕዛዝ ነው» አለኝ። «አንተ መንዳትህን ንዳ።»

«ሊጥ ዝናብ ፈራ!» አለ ኃላፊው ከበረንዳ።

ወንድሜ ሳቀ። ብዙ አይደለም፣ በአፍንጫው ብቻ። ከነገሩ ሁሉ ያቺ ሳቅ ናት እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣችው።

ወደ ጎን ጎተትኩት። «እማዬ ከእኔ ጋር ጋቢና ነው የምትቀመጠው። ትራስ አንጥፌያለሁ።»

«በጭነት መኪና? በዚህ ዕድሜዋ? በነጩ ነው የምትመጣው።»

«ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራዋ ከጭነት መኪና ላይ ነው የወረደው። አንተም የበላኸው ከዚያው ነው።»

«እባክህ አሁን እሱን ተወው፤ ሰው ያየናል።»

ሰው ያየናል። ሸራው ተነሳ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ሄድን።

ከፊቴ የሚነዳው ፍሬን የምንለው ሽማግሌ ነው። ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ፍሬን ካልረገጠ መንዳቱን አያምንም። ከኋላዬ ሌሎቹ ተከተሉ። ድልድዩ አፍ ስንደርስ «ቁሙ» ተባለ። ነጩ መኪና ብቻውን ተሻገረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተሻገረ። ማዶ ያሉት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፣ የኛዎቹ ይመልሳሉ፣ እነዚያ ደግሞ ሌላ ይጠይቃሉ። እኛ ሞተር አጥፍተን እንጠብቃለን።

ተኩስ የለመደ ጆሮ ዝምታ ያመዋል። በድልድዩ አፍ ያሉት ሱቆች በራቸው ተሰባብሮ ባዶ ናቸው፤ አንዱ ደጃፍ ላይ የሴት ጫማ አለ፣ ነጠላ። ወታደሮቻችን እንዳይታዩ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ወንዙ ሞልቷል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ማዶ፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ ሰዎች ጓዛቸውን ይዘው ቆመዋል። አይነቃነቁም። ከእነሱ በላይ ራሰ በራው ኮረብታ አለ። አልፎ አልፎ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ መነጽር ነው። 

ፍሬን መኪናውን ተደግፎ ሲጋራ ለኮሰ። «መድፍ ሲጮህ ቢያንስ የት እንዳለ ታውቃለህ» አለ። «ይሄ ዝም ያለው ነው የሚበላህ።»

«አፍህን በመልካም ክፈት።»

«እናትህን አየሃት?»

«ከዚህ ማን ይለያል? ግን ስትራመድ ባይ ከአገር ጫፍም አውቃታለሁ። ግራ እግሯን ትንሽ ታስከትላለች።»

«ቆመዋል እኮ! እንግዲህ ጩህና ተራመጂ በላት።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ወንዙን አልተሻገረም። ወዲያው ሁለታችንም ኮረብታውን አየን፣ መሳቅም የተከለከለ ይመስል።

ያኔ የመጀመሪያዋ ጠብታ የመኪናዬ መስታወት ላይ ጧ ብላ ፈረጠች።

ሾፌር ያልሆነ ይህን አይረዳውም። ዱቄት ጭነህ ጠብታ ስታይ ጭንቅላትህ አይጠየቅም፣ እጅህ ነው የሚሄደው። ይሁን እንጂ አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም፤ አስቤያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ አይተውታል፣ ጠግበው አይተውታል፣ ከዚህ በላይ ምን ያያሉ አልኩ። ደግሞም ማዶ ደርሼ ያን ሁሉ የተራበ ሰው ፊት ስፖንዳውን፣ የጭነቱን መዝጊያ፣ ሳወርድ ሊጥ ሲንጠባጠብ ታየኝ። «ማን ነው ያመጣው?» ሲባል፣ ከሾፌሮቹ አንዱ «ሊጥ ነው» ሲል ታየኝ። እማዬ ይህን ስም አታውቅም። እዚያ ቆማ ልትሰማው ነው። ልጇ በሕዝብ ፊት ሊጥ ሲባል።

ዘልዬ ጭነቱ ላይ ወጣሁ።

«ተው! ተው አንተ ሰው!» አለ ፍሬን። «አትሸፍኑ ተብሏል!»

«ነገ ሊጥ የምባለው እኔ ነኝ! አንተ አይደለህም!»

ሸራውን ጎትቼ አለበስኩት። በአባቴ ቋጠሮ አሰርኩት፤ ንፋስ የማይፈታው፣ ሌባ የማይፈታው፣ ዘዴውን ለሚያውቅ ግን በሁለት ጣት የሚሄድ ቋጠሮ ነው። ከሌሎቹ መኪኖችም አንዱ ሾፌር እኔን አይቶ ሸራውን መጎተት ጀመረ።

ቀና ስል ማዶ የቆሙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አላዘዛቸውም። እነሱ ከኮረብታው ሥር ከርመዋል፣ ጠባዩን ያውቃሉ።

የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ከኮረብታው መጥቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ውሃው እንደ ግድግዳ ተነስቶ ድልድዩን አጠበው። ፍሬን መኪናው ሥር ገብቷል። እኔ ከጭነቱ ወርጄ ስፖንዳውን ይዤ ቆምኩ።

ወንድሜ ከነጩ መኪና ወርዶ እየሮጠ መጣ፣ የሬዲዮ መገናኛው በእጁ ይጮሃል። «ማን ነው የሸፈነው? መሣሪያ እየደበቃችሁ ነው ይላሉ! ማን ነው?» ከዚያ የእኔን መኪና አየ። እኔንም አየኝ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ተዘጋጅቼም ነበር፤ ለስድቡ የሚሆን መልስ ስንት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። አልሰደበኝም። በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ጎማውን ረግጦ፣ በዚያ ኮቱ፣ ጭነቱ ላይ ወጣ።

ቋጠሮውን ረስቶታል ብዬ ነበር። በሁለት ጣት ሳበው፣ ተፈታ።

«ጋሼ! ያንን ጫፍ ያዝልኝ! ጋሼ!»

ያዝኩለት። አብረን ጎተትነው። ሸራው ጭቃው ላይ ወደቀ። እሱ ጆንያዎቹ ላይ ቆሞ እጆቹን ዘርግቶ ዞረ፣ ለኮረብታው ጀርባውንም ፊቱንም አሳየ፤ ዱቄቱ ኮቱ ላይ እየረጠበ፣ ዝናቡ እየመታው። «ዱቄት ነው! እዩ! ዱቄት ነው!» ይላል፣ በእኛ ቋንቋ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በፈረንጆቹ ቋንቋ። ማን ይሰማዋል? ኮረብታው ዝም አለ። ዝም ሲል ጊዜ ያመኑ መሰለኝ። «ጎሽ የእናቴ ልጅ» ብዬ አስቤያለሁ፤ በአፌ ግን አላልኩትም።

ሁለተኛው የድልድዩ መሐል ላይ አረፈ። ብረቱ አቃሰተ፣ ከዚያ እንደ ደከመው ከብት ከመሐሉ ተንበረከከ፣ ወንዙም ተቀበለው።

ወዲያው ከኋላችን የኛዎቹ መድፎች መለሱ። አንድ ቀን የተባለው ሰላም ግማሽ ቀን ሳይሞላው አለቀ። አደራዳሪው ነጩ መኪና በር ላይ ቆሞ ሬዲዮውን በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ ይለምናል፤ የሚመልስለት የለም።

ማዶ ሰዎቹ ተነሱ። ጓዛቸውን እየያዙ ወደ ከተማቸው መመለስ ጀመሩ። አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ብቻ ወደ እኛ አቅጣጫ ዞራ ቆማ ቀረች።

«እሷ ናት» አለ ወንድሜ።

«አይደለችም» አልኩት።

«እሷ ናት እኮ!»

«አይደለችም አልኩህ!»

ከዚያ ዞረች፣ መራመድ ጀመረች። ግራ እግሯን ታስከትላለች።

 ወንድሜ ወርዶ፣ ጭቃውን ከጫማው ላይ ሳይጠርግ፣ ወደ ነጩ መኪና ሄደ። በማግስቱ አደራዳሪዎቹ ሻንጣቸውን ጭነው ከሆቴሉ ሲወጡ እሱም አብሮ ሄደ። «በሌላ በኩል መንገድ እንፈልጋለን» ብሏል አሉ። ለእኔ አይደለም ያለው፣ ለፍሬን ነው። እኔን ጋሼም አላለኝ፣ አንተም አላለኝ፣ ሾፌሩም አላለኝ። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ ዝናብ ቢመጣስ ብዬ ስጠይቅ ያን ጊዜ ቢተረጉምልኝ ምን ነበረበት? ሽማግሌው አደራዳሪ ምናልባት አንድ ነገር ይል ነበር። ምናልባትም አይልም። ግን ይተረጉምልኝ ነበር።

ትራሱ አሁንም ጋቢና ውስጥ ነው። መድኃኒቱም አለ።

ከሰሞኑ በአንዱ ማለዳ መጋዘን ተጠራሁ። ኃላፊው በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ሻይ ግን አልያዘም። ጫኞቹ ዝም ብለው ይሠራሉ። ሊጥ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ምነው ባለኝ አልኩ። በስሜ ጠራኝ፣ ከነአባቴ ስም፤ እንደ ፍርድ ቤት።

«መኪናህን አስጠጋ» አለኝ።

አስጠጋሁ። ከመጋዘኑ የሚወጣው ዱቄት አይደለም። ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱን ለማንሳት አራት ሰው ይያዛል፣ ሲያስቀምጡትም እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ነው። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም። መድፎቻችን ከከተማው ጀርባ ናቸው፤ አፋቸው ወዴት እንደዞረ ሕፃን ያውቃል።

ስፖንዳው ተዘጋ። አዲስ ሸራ አመጡልኝ፣ ገና ከማሸጊያው ያልወጣ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው።

«በደንብ ሸፍነው» አለ ኃላፊው። «አጥብቀህ እሰረው። ማንም እንዳያየው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለችም። ገመዱን አነሳሁ። እጄ መንገዱን ያውቀዋል።